ለአንድ እንስሳ ብቻ የተገኘ ቦታ

የእንስሳት ማቆያችን ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው በእጃችን የነበሩት ሁለት ናቸው፤ ባለ ሦስት እግር አሮጊት ጅብና ክንፉ የተሰበረ ጥንብ አንሳ። ሌላ ማቆያ አንዱን ብቻ እቀበላለሁ አለ። የሚቀረው በመርፌ ይሞታል። የመዝገብ ሠራተኛዋ እኔ ነኝና የማወዳደሪያውን ቅጽ መሙላት እኔው ላይ ወደቀ። ደክሞኛል። ዐሥራ አንድ ዓመት ቅጽ ስሞላ ኖሬ መጨረሻው ይህ ሆነ።

ጅብ፦ መደቡ አጥቢ፣ ከሥጋ በሎች ወገን፤ ዝምድናው ከውሻ ይልቅ ለድመት ይቀርባል። ጥንብ አንሳ፦ መደቡ ወፍ፣ ከነንስር ቤተሰብ። ሁለቱም የሞተ ሲያገኙ አይምሩም፤ ሁለቱንም ሰው አይወዳቸውም። እስከዚህ እኩል ናቸው። የመጨረሻው መስመር ግን የጥበቃ ደረጃ ይጠይቃል። እኛ ጋ ያለው ዓይነት ጥንብ አንሳ ከምድር ሊጠፋ ጫፍ ደርሷል። ጅብ ሞልቷል፤ የዝርያዎች ዝርዝሩ «አያሰጋም» ብሎ ያልፈዋል።

ጅቧን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያበሉት ጠባቂ፣ ጋሼ፣ በሩ ላይ ቆመው ብዕሬን ያያሉ።

«በሞቴ ልጄ፣ እሷንም ልትጠፋ ነው በያት። ማን ያውቃል?»

«ተቀባዮቹ ያውቃሉ ጋሼ፤ ሥራቸው እኮ ነው። ውሸት ካገኙብን ሁለቱንም አይወስዱልንም።»

«ሞልተዋል አልሽ። የት ነው የሞሉት? እኔ የማውቀው አንዷን ነው።»

ተናደድኩ፤ በእሳቸው ሳይሆን በዚያ መስመር። ጥንብ አንሳውን ባየሁት ቁጥር ራሰ በራው አለቃችን ትዝ ይለኛል፤ ወፉ ግን ምን አጠፋ? እውነቱን ጻፍኩና ፈረምኩ።

ዓርብ ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ ለጅቧ በመጀመሪያ ማደንዘዣ ሰጣት። ጋሼ አጠገቧ ሊቀመጡ ገቡና ተመልሰው ወጡ።

«አልቻልኩም። አንቺ ያዢልኝ። ከጆሮዋ ጀርባ ሲያኩላት ደስ ይላታል።»

በነዚያ ሁሉ ዓመታት እንስሳቱን ስመዘግብ አንዱንም ነክቼ አላውቅም። ተንበርክኬ ከጆሮዋ ጀርባ አከክኩላት። ፀጉሯ ይሻክራል፤ ከሥሩ ግን ሙቅ ነው። ሐኪሙ ሁለተኛውን መርፌ ወጋት። በቃ እስኪለኝ ድረስ እጄን አላነሳሁም።

ስወጣ ጋሼ ጥንብ አንሳው የሚሄድበትን ሣጥን ያጥባሉ። ቀና ሳይሉ «አመማት?» አሉኝ።

«አላመማትም፣ ጋሼ።»

«ደግ።»

ሣጥኑ ከጸዳ ቆይቷል። እሳቸው ግን ማጠቡን አላቆሙም።