የእማዬ ምሳና የመዝገብ ቤቱ ሶኬት

እህቴ ምስራቅ ከጅዳ የላከችው ካርቶን እሑድ ሲፈታ ከውስጡ ሮዝ የሕፃን ፖፖ ወጣ። ክዳን አለው፣ እጀታ አለው፣ መቀመጫው ብቻ ትንሽ ጠበብ ይላል። «ደግሞ ማን ሊወልድ ነው?» ብዬ እማዬን ከላይ እስከ ታች አየኋት። በነጠላዋ ጫፍ ጆሮዬን አገኘችው።

ከሥሩ ገመድ ሲመዘዝ ግን ነገሩ ገባኝ። ፖፖ መብራት ላይ አይሰካም። ምስራቅ በስልክ አስረዳችን፦ ምሳ ማሞቂያ ነው፣ ጠዋት ምግቡን ከትታችሁ ትወስዱታላችሁ፣ እዚያ ሶኬት ላይ ትሰኩታላችሁ፣ በግማሽ ሰዓት አሁን ከምድጃ የወረደ ይመስላል።

ለቅንጦት አይደለም የተላከው። እማዬ ጨጓራዋ ቆስሏል። የጤና መኮንኑ «ትኩስና ለስላሳ ምግብ፣ በሰዓቱ፣ እስክትጠግቢ ድረስ። አለዚያ ሪፈር ጽፌ ወልድያ እልክሻለሁ» ብሏታል። እማዬ ደግሞ ከቁስሉ ይልቅ ወልድያን ነው የምትፈራው። መኪና ላይ ከወጣች ገና ከሰቆጣ መናኸሪያ ሳትወጣ ነው ማስመለስ የምትጀምረው። አንዴ ሾፌሩ ሞተር ሳያስነሳ አስመልሳለች።

የምትሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ቤታችን ዳገቱ ላይ ስለሆነ ለምሳ አትመለስም። ሰባት ዓመት ሙሉ በፌስታል የቋጠረችውን ደረቅ እንጀራ ፋይል መሀል ቁጭ ብላ ስትቆረጥም ኖራለች። ወጥ ሠሪዋ እኔ ነኝ። ትምህርት ሰባተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው ያቆምኩት። በጦርነቱ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ቤት ዋልኩ፣ ሲከፈት ደግሞ ወጥ ጥጄ ነበር።

ሰኞ ድንች አልጫ በሩዝ ሠርቼ ሞልቼ ላክኋት። ማታ ዕቃው ተልሶ የታጠበ መስሎ ተመለሰ። እማዬ ግን ሆዷን ይዛ ነው የገባችው።

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሰገነት፣ መርማሪ ነሽ?»

ማክሰኞ ቁልፍ ጠፋብኝ ብዬ ልክ በስድስት ሰዓት መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ጥበቃው ጋሼ ትእዛዙ የሉም። የት እንዳሉ መዝገብ ቤት ስገባ አገኘኋቸው፤ እጃቸውን ታጥበው፣ ኦፕራሲዮን እንደሚያደርግ ሐኪም ሁለቱንም ወደ ላይ አንስተው ቆመዋል። ጸሐፊዋ ውዴ ፋይል ፈልጋ እንደመጣች ነገረችኝ። ፋይል ፈላጊ እንጀራ ጠቅልሎ ሲመጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። ኃላፊው አቶ ዓለምነህም አሉ። ከጎጃም ተመድበው የመጡ ናቸው፣ ባለቤታቸው እዚያው ቀርተዋል፣ ቤታቸው የሚበሉት ራሳቸው የሚቀቅሉትን ፓስታ ነው ይባላል። በሸሚዛቸው ኪስ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ማንኪያ ሰክተዋል።

እማዬ ክዳኑን ከፈተች። እንፋሎቱ ወጣ። ሦስቱም አፍንጫቸውን ተከትለው አንድ እርምጃ ተጠጉ።

«እንብላ» አለች እማዬ።

አሁን ይህ ቃል ሰላምታ ነው። ምግብ የከፈተ ሰው «እንብላ» ይላል፣ የሚያልፈው «ይባረክ» ብሎ ያልፋል፣ አበቃ። በደረቁ እንጀራ ዘመን ሰባት ዓመት ሙሉ ሁሉም «ይባረክ» ብሎ አልፏል። ያን ቀን «ይባረክ» ያለው የለም። የተሰማው ወንበር ሲጎተት ነው።

እኔ ቆሜ ቆጠርኩ። እማዬ አራት ጊዜ ወደ ዕቃው ዘረጋች። ከአራቱ ሁለቱን ለጋሼ ትእዛዙ አጎረሰች።

ማታ ፊት ለፊት አስቀመጥኳት። «እማዬ፣ ነገ እንብላ አትበይ።»

«ሰው ፊት ዝም ብዬ ልዋጥ? ምነው፣ አሳዳጊ የለኝም?»

«እንለማመድ። እኔ አቶ ዓለምነህ ነኝ።» ማንኪያ ኪሴ ውስጥ ሰክቼ፣ ሆዴን ነፍቼ በበሩ ገባሁ። «እንደምን ዋልሽ፣ እማዋይሽ።»

«እንብላ» አለች።

«እማዬ፣ ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም።»

«አመለጠኝ። ድገሚው።»

ስድስት ጊዜ ደጋገምነው። ስድስቱንም ጊዜ ጋበዘችኝ። በመጨረሻ አፏን በነጠላ ሸፍና ተቀመጠች። ድመቷ ስትገባ ከነጠላው ሥር «እንብላ» ሲባል ሰማሁ።

እሷን ማስተካከል እንደማይቻል ሲገባኝ እንግዶቹን ለማስተካከል ወሰንኩ። በማግስቱ ረቡዕ ነው። የንስሐ አባታችን አባ መልሰው ደግሞ እማዬን «መድኃኒት ላይ ስላለሽ ጾሙ ይቅርብሽ» ብለዋታል። ይህን የምናውቀው እሷ፣ አባና እኔ ብቻ ነን፤ እሷ ለሰው መናገር አፍራለች። ታዲያ እንቁላል ፍርፍር በቅቤ አድርጌ ብልክላት ማን ይነካዋል? ጋሼ ትእዛዙ እንደሆኑ በጾም ቀን ወተት የተጫነ አህያ ሲያልፍ እንኳ ፊታቸውን የሚያዞሩ ናቸው። ለእማዬ ምን እንዳለበት ሳልነግራት ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ሰጠኋት። ቅቤውንም አልሰሰትኩም።

ድሌን በዓይኔ ልይ ብዬ በስድስት ሰዓት መስኮቱ ሥር ደረስኩ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ማሞቂያ ያሞቃል። የሞቀ ቅቤ ደግሞ ክዳን አያግደውም። እማዬ ገና ሳትከፍተው ሽታው ቤቱን ሞላው።

«ቅቤ ይሸታል» አለች ውዴ።

«ረቡዕ ነው» አሉ ጋሼ ትእዛዙ፣ ለቅቤው የሚነግሩት ይመስል።

ሁሉም ወደ ሮዙ ዕቃ ዞሩ። እማዬም ዞረች። ፊቷ ሲለዋወጥ በመስኮቱ አየሁ። «አባ ፈቅደውልኝ ነው» ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ «የኔ አይደለም» አለች።

በዋግ ኽምራ ምድር ያለው ሮዝ ፖፖ እሱ ብቻ ነው።

«የማን ነው ታዲያ?» አሉ አቶ ዓለምነህ።

«እኔ እንጃ። ጠዋት ስገባ እዚሁ አገኘሁት።»

ሰኞና ማክሰኞ ከዚሁ ዕቃ የበሉት ሦስቱም ሰዎች ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ምን ይበሉ? የእሷ ነው ቢሉ ሴትየዋን ውሸታም ማለት ነው። ጋሼ ትእዛዙ መሰኪያውን በዱላቸው ነቀሉ፣ እጀታውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው፣ በአገሩ ቋንቋ በኽምጠኛ የሆነ ነገር እያጉረመረሙ ወስደው አጥሩ ጥግ አስቀመጡት። የግቢው ውሻ ጾም የለበትም። እኔ ዞሬ እስክደርስ እንቁላሉን ጨርሶ ክዳኑን እየላሰ ነበር። እጀታውን ይዤ ስጎትት እሱም በሌላው በኩል ነክሶ ይጎትታል።

ስንታገል ውዴ ከውስጥ «ኧረ እማዋይሽን» ብላ ጮኸች። ሮጥኩ። እማዬ ጠረጴዛው ላይ እጥፍ ብላ፣ ግንባሯ በላብ ርሶ አገኘኋት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ መድኃኒቱን ግን ባዶ ሆዷ ላይ ውጣዋለች። ያን ጊዜ ሳቄ ሁሉ ጠፋ። እኔ ነኝ ያስራብኳት።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። አቶ ዓለምነህና ጋሼ ትእዛዙ ከኋላ ከእሷ ጋር፣ እኔ ከሾፌሩ ጎን፣ ውሻ የነከሰው ማሞቂያ ጭኔ ላይ።

«ምሳ በልተሻል?» አላት የጤና መኮንኑ።

«በልቻለሁ።»

«ምን?»

«ድንች።»

አቶ ዓለምነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አልበላችም ዶክተር። እኛ ነን የበላነው።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ ውሻው ነው። እኛ ሰኞና ማክሰኞ ነን።»

የጤና መኮንኑ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አንድ በአንድ አየን። ማንኪያው ያለበት ኪስ ላይ ሲደርስ አቶ ዓለምነህ በእጃቸው ሸፈኑት። እኔም አላስቻለኝም፤ እንቁላሉን፣ ቅቤውን፣ አባ መልሰው መፍቀዳቸውን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩ። እማዬ አልጋው ላይ ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አባ ከፈቀዱማ» አሉ ጋሼ ትእዛዙ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ የታማሚ ምሳ ነው ለውሻ የሰጠሁት።»

መኮንኑ መርፌ ወግቷት ሲጨርስ የሪፈር ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ስሟን ጻፈበት። ቀኑን ብቻ ባዶ ተወው። «አንድ ሳምንት። በሰዓቱ ጠግባ ካልበላች ወልድያ ናት።»

ሐሙስ ጠዋት እኔ ራሴ ምሳውን ይዤ ሄድኩ። አቶ ዓለምነህ ስብሰባ ጠርተዋል፤ ውዴ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። አጀንዳ አንድ፦ የእማዋይሽ ሆድ።

«በር ቆልፈንባት ብቻዋን ትብላ» አለች ውዴ።

«እንደ ሌባ ተደብቄ አልበላም» አለች እማዬ። «ቆልፉብኝ፣ ሳልነካው አወጣዋለሁ።»

«እንግዲያ አትጋብዢን» አሉ አቶ ዓለምነህ።

«እሱን ትናንት ማታ ስድስት ጊዜ ሞክረነዋል» አልኩ። በርግጥ ከትናንት በስቲያ ማታ ነበር፣ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ እንደዚያው ሰፈረ።

ከዚያ ጋሼ ትእዛዙ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «መጋበዝ ልማዷ ነው፣ ትጋብዝ። እኛም እንቅረብ፣ እጃችንን እንታጠብ። ግን የያዝነውን ሁሉ ወደ እሷ አፍ ነው የምንልከው። የሰው ጉርሻ ትመልሳለች?»

ሁላችንም እማዬን አየን። እማዬ ወጥመዱ ቀድሞ ነው የታያት፤ ዓይኗ በር በር አለ። ጉርሻ መመለስ ለእሷ ሰው ከመምታት አይተናነስም።

በስድስት ሰዓት ክዳኑ ተከፈተ። ክክ አልጫ ነው። «እንብላ» አለች፣ በፈራ ድምፅ። ወንበሮቹ ተጎተቱ። ውዴ ጀመረች፣ «በሞቴ»። ጋሼ ትእዛዙ ቀጠሉ። የሳቸው ጉርሻ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል። አቶ ዓለምነህ በማንኪያ ናቸው፣ ያንጠባጥባሉ፣ ግን አያቋርጡም። እማዬ «በቃ» ለማለት አፏን በከፈተች ቁጥር አንዱ ይገባበታል። እኔ ውሃ አቀባይ ሆንኩ።

በዚህ መሀል ከጋዝጊብላ በእግራቸው የመጡ አንድ ገበሬ የመሬት ፋይላቸውን ፈልገው ብቅ አሉ። ሦስት የመንግሥት ሠራተኛ አንዲት ሴት ከብቦ ሲያጎርስ አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሙሽራ ናት?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አይ፣ ጨጓራዋን ታማ ነው።»

«እግዜር ይማራት።» ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ከእኔ ጣሳ እጃቸውን ታጥበው፣ ተራ ጠብቀው አንድ ጥሩ ጉርሻ አጎረሷት፣ ከዚያም ሁለተኛውን ጨመሩ። ከዚያ በኋላ ነው ፋይሉን የጠየቁት። እማዬ አፏ ሞልቶ ስለነበር ሦስተኛውን መደርደሪያ በጣቷ አሳየች፤ አቶ ዓለምነህ ራሳቸው ወጥተው አወረዱት። እንዲህ በአንድ ጊዜ ፋይል ሲገኝ አይቼ አላውቅም።

ሳምንቱ ሲሞላ የጤና መኮንኑ ሆዷን ነካ ነካ አድርጎ፣ ሚዛን ላይ አቁሞ፣ ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው። እማዬ ከጤና ጣቢያው እስከ ዳገቱ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታርፍ ወጣች፤ ከኋላ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። እደጃፋችን ስንደርስ ዞረች።

«ነገ ወጡን ወፈር አድርጊው» አለችኝ። «ቀጭን ሲሆን አቶ ዓለምነህ ቀሚሴ ላይ ያፈሱብኛል። ለጋሼ ትእዛዙ ደግሞ እንጀራውን አሳንሰሽ ቁረጪ፣ ትናንት መንጋጋዬን ሊያወልቁት ነበር።»