አናት ላይ የቀረ ቅቤ

፩

«ይሄ ነገር አልለጠፍ አለኝ እኮ!»

የማደንዘዣ ሐኪሙ ዶክተር ናሆም፣ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ፣ በአቶ ዘርጋ ግንባር ላይ ጎንበስ ብሏል። የሚለጥፈው አንጎል የሚያገኘውን ኦክስጅን የሚከታተል ሴንሰር ነው። ለጠፈው፤ ተንሸራተተ። ደገመው፤ ተንሸራተተ። ጣቱን አሸተተ።

ቅቤ።

፪

አንባቢ ሆይ፣ ቅቤው ከየት መጣ ማለትህ አይቀርምና ወደ ትናንት እንመለስ።

ከዘርጋ ልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ አብጧል። ቧንቧው እስኪቀየር ልቡ ይቆማል፤ ለጥቂት ደቂቃ ደሙም ይቆማል። አንጎሉ ይህን እንዲችል ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ጭንቅላቱም ዙሪያውን ይታሸጋል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሲያስረዳ የዘርጋ ሚስት ወይዘሮ ትብለጥ የሰማችው በምን እንደሚታሸግ ብቻ ነው።

በበረዶ።

፫

ትብለጥ ታክሲ ውስጥ መስኮት የምታዘጋ ሴት ናት። ባሏ ራሱን ታጥቦ ሳይደርቅ ደጅ ወጥቶ አያውቅም። ብርድ የሚገባው በአናት ነው፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ለጋ ቅቤ ከቦርሳዋ አወጣችና ከአናቱ እስከ ቅንድቡ አዳረሰችው።

«አንቺ ሴት፣ ለክትፎ ነው እንዴ የምታሰናጂኝ?»

«ዝም በል! አናትህን እየከደንኩ ነው።»

፬

ከቀዶ ጥገናው ክፍል ደጃፍ፦

ናሆም፦ እናቴ፣ ምን ቀቡት?

ትብለጥ፦ ቅቤ ነዋ። ብርድ አንጎሉን እንዳይመታው።

ናሆም፦ እኛም የምናቀዘቅዘው ለአንጎሉ ብለን ነው።

ትብለጥ፦ ልጄ፣ ብርድ ያዳነው ሰው የት አይተሃል?

ናሆም፦ አንጎል ሲቀዘቅዝ ይተኛል። የተኛ ደግሞ ብዙ አይርበውም፤ ደም ሲቆምበት ይታገሣል።



ትብለጥ፦ ሲነቃስ ያውቀኛል?

ናሆም፦ የምንለፋው ለዚያ ነው። ቃል ግን አልገባልዎትም።

(ትብለጥ የቅቤውን ዕቃ ከቦርሳዋ አውጥታ ክዳኑን ታጠብቃለች።)

ናሆም፦ ግንባሩን አጸዳዋለሁ። አናቱ ላይ ያለችውን ግን አልነካትም፤ በቆብ እሸፍናታለሁ።

፭

&nbsp;

&nbsp;

(ደሙ ቆሟል። እዚህ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ትብለጥም የቻለችው የኮሪደሩን መስኮት መዝጋት ብቻ ነው።)

&nbsp;

፮

በማግስቱ አስገቧት። ፊቱ አብጧል፤ ጉሮሮው ውስጥ የነበረው ቱቦ ገና መውጣቱ ነው። እሷ መጀመሪያ ያየችው ግን አናቱን ነው። በበረዶው ረግቶ የነበረው ቅቤ ቀልጦ ወደ ጆሮው ወርዷል።

«ሞቋል» አለች።

«ሞቋል» አለ ናሆም። «በሉ፣ እርስዎ ይጠይቁት።»

በነጠላዋ ጫፍ ጆሮውን ጠረገችለት።

«ዘርጋ፣ እኔ ማነኝ?»

ዓይኑ ፊቷ ላይ ቆየ። ከንፈሩ ቀስ ብሎ ተላቀቀ።

«አንቺ

&nbsp;

&nbsp;

______________________»

(አንባቢ ሆይ፣ ባዶውን አንተ ሙላው።)