ቀይ ኮፍያ፣ ቁጥር አንድ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እነሣለሁ። ውኃ እጥዳለሁ፤ ልጄ እስክትለብስ ዳቦ እቆርጣለሁ። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተሰቀለው ቀይ ኮፍያዋ ሲንጠባጠብ ያደረበትን ወለል በጨርቅ አደርቃለሁ። ከዚያ አብረን እንወጣለን፤ እሷ ገንዳው ውስጥ ልትገባ፣ እኔ ከገንዳው ልቀዳ።

ሥራዬ የከተማውን ውኃ መመርመር ነው። ማለዳ ማለዳ ከመዋኛ ገንዳው ሁለት ጫፍ በጠርሙስ እቀዳለሁ፤ የክሎሪን መለኪያ ክኒኗን ጨምሬ የሮዝ ቀለሙን ድምቀት ከሰንጠረዡ ጋር አስተያያለሁ። ውኃ ጥርት ስላለ ብቻ አላምነውም። ከሃያ ዓመት ሥራ የተረፈኝ ጠባይ ይኸው ነው፤ ወደ ሰውም ሳይተላለፍ አልቀረም።

ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የውኃ ፖሎ በረኛ ናት፤ ቁጥር አንድ የተጻፈበት ቀይ ኮፍያ የበረኛ ነው። እግር መሬት በማይደርስበት ጥልቀት እግሮቿን እያሽከረከረች እስከ ወገቧ ከውኃው ትወጣና ኳሱን ትመልሳለች። ጓደኞቿ «ግድቧ» ይሏታል። ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ የሚሠለጥኑት አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። የወጣቶቹ ብሔራዊ ቡድን አንድ ጊዜ ቢያሸንፍ ወላጁ ሁሉ ልጁን እየጎተተ መጣ፤ አሁን ከስድሳ በላይ ሆነው በፈረቃ ነው የሚገቡት።

አሠልጣኙን ልጆቹ «ፉጨት» ይሉታል። እኔን ደግሞ እሱ «ወይዘሮ ክሎሪን» ነበር የሚለኝ፤ ገንዳውን ሁለት ጊዜ ስላዘጋሁበት። ቡድኑ ወደ ውጭ ለውድድር እንደሚሄድ በተነገረ ሰሞን ግን ድንገት «እህቴ» ማለት ጀመረ። ጠርሙሶቼን ሊሸከምልኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም።

ይህን ያየው የበሩ ዘበኛ ሳቀብኝ።

«እትዬ፣ ሰው ሲያከብርዎት ምነው ደነገጡ?»

«ውኃም እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አልኩት።

«እሱስ ልክ ነዎት» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ረጅሙ ልጅ የለም? ዛሬ ፂሙን ተላጭቶ ነው የመጣው። ውድድሩ ደግሞ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ነው አሉ። እዚህ ቤት ውኃው ሲያሳድግ ወረቀቱ ያሳንሳል።»

«ከአሥራ ስምንት በታች አይደለም እንዴ?»

«ኧረ እትዬ! ደብዳቤውን ከመልእክተኛው የተቀበልኩት እኔ ነኝ።»

እኔ ከአሥራ ስምንት በታች ነው የተባልኩት። የነገረችኝም ልጄ ናት።

ቤት ገብቼ ወረቀቶቻችን የሚቀመጡበትን ቁም ሳጥን ከፈትኩ። የባለቤቴ ዕቃ የተቀመጠበት የጫማ ካርቶን ቦታው ላይ ነው። ሲባጎውን ሁልጊዜ በድርብ ቋጠሮ ነው የማስረው፤ አሁን ግን እንደ ጫማ ክር ታስሯል። ሰዓቱ አለ። መነጽሩ አለ። የሞቱ ማስረጃ የለም።

ከሰዓት ልጄ ስትመጣ ወጥ ቤት ነበርኩ።

«ካርቶኑን ማን ነካው?»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። «አሠልጣኙ ነው የአባዬን ወረቀት አምጪ ያለኝ። ለጉዞው የሁለት ወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል። አባት ከሌለ ማስረጃው ይያያዛል።»

«ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?»

«ስለ አባዬ ስትጠየቂ ዕቃ ማጠብ ትጀምሪያለሻ።»

እውነቷን ነው። ያን ጊዜም እጄ ብርጭቆ ይዞ ነበር።

በማግስቱ ውኃዬን ቀድቼ ስጨርስ ወደ አሠልጣኙ ቢሮ ገባሁ። ጥግ ላይ የተነፈሱ ኳሶች ተከምረዋል፤ ጠረጴዛው በልጆች ፋይል ተሞልቷል።

«እህቴ! ደግ መጡ። የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረን።»

የልጄን ፋይል ራሴ ገለጥኩት። ፎቶግራፏ አለ። ከሥሩ ማኅተሙ ገና ያልደበዘዘ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት አለ፤ ወሩና ቀኑ የእሷ ነው፣ ዓመቱ ግን በሁለት ወደፊት ሄዷል። ከዚያ ሥር የባለቤቴ ወረቀት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ እንደ ቀለም ሰንጠረዥ አስተያየኋቸው። ባለቤቴ ሲያርፍ ልጃችን ሰባት ወሯ ነበር።

«በዚህ ወረቀት ልጄ የተወለደችው አባቷ ከሞተ ከዓመት ከአምስት ወር በኋላ ነው» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየ። በጣቶቹ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ።

«ይህን ማን ልብ ይላል እህቴ?»

«እኔ።»

ወንበሩ ላይ ተደገፈ። «ስድሳ ልጅ ነው ያለኝ። ዘንድሮ ባዶ እጃችንን ከተመለስን ገንዳውን ለሌላ ይሰጡታል፤ ልጆቹም ይበተናሉ። ሌላው አገር የማያደርገውን አላደረግንም። እሷን የሚተካ በረኛ ደግሞ የለኝም።»

ይህን ሲል አልዋሸም። ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ደግሞ ይኼ ቀላል ነው። የባለቤትዎንም ቀን ሁለት ዓመት ገፋ እናደርገዋለን። እሳቸው እንደሆኑ አይቃወሙ።»

ሁለት ዓመት። በሁለት ዓመት ልጅ ቆማ ትሄዳለች፤ አባቷን በአፏ ትጠራለች። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ለአፍታ፣ ሁለቱን ዓመታት ተመኘኋቸው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የባለቤቴን ወረቀት ከፋይሉ አወጣሁ። «አልፈርምም» ብዬ ተነሣሁ።

«ልጅቷን ነው የሚጎዱት፣ ወይዘሮ ክሎሪን» አለኝ ከኋላዬ።

ማታ ቤት ለልጄ ፋይሏ ላይ ያየሁትን የልደት ዓመት በእርሳስ ጻፍኩላትና ከአባቷ ወረቀት አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ዕድሜሽን እንደቀነሱት ታውቂ ነበር?»

«አዎ። ከአባዬ ጋር ግን አላስተያየሁትም።» ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። ከዚያ ወረቀቱን ገፋ አደረገችው። «እና በዚህ የማን ልጅ ነኝ?»

የአባቷን ወረቀት አጥፌ ወደ ካርቶኑ መለስኩት።

«ቢሆንም መሄድ እፈልግ ነበር፣ እማ።»

«አውቃለሁ።»

ያን ቀን ዕቃ አላጠብኩም። ስለ አባቷ የጠየቀችኝን መለስኩላት፤ ሁሉንም ባይሆንም።

ሰኞ ዕለት ፂሙን የሚላጨው ልጅ በር አንኳኳ። ኮፍያው የፌዴሬሽኑ ስለሆነ ይመለስ ተብሎ ነው የተላከው። ልጄ ራሷ ከሚስማሩ አውርዳ የተሰፉበትን የጆሮ መከላከያዎች በፎጣ አድርቃ ሰጠችው። ቡድኑ ሐሙስ ሄደ። በረኛዋ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ የእውነት አሥራ አራት።

ዛሬም አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነሣሁ። ውኃ ጣድኩ፤ ዳቦ ቆረጥኩ። ልጄ አልተነሣችም። ጨርቁን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ወለሉ ደረቅ ነው። ሚስማሩ ላይ ኮፍያው የለም።