በሁለት ፉርጎ መካከል

ከተማችንን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው የጀልባ ቦዩን የውሃ በር ያያል፣ ጀልባ የምትጎትተውን በቅሎ ይዳብሳል፣ የአሌጌኒን ተራራ በሚወጣው አሮጌ ባቡር ይሳፈራል። እንባው የሚመጣው ግን እኔ ጋ ሲደርስ ነው። ጡረታ የወጣሁ የባቡር ፍሬን ያዥ ነኝ፤ በሙዚየሙ ግቢ ተያይዘው የቆሙትን ሁለት ፉርጎዎች አስጎበኛለሁ።

«ባልደረባዬ ዌንደል ክሬብስ በሁለቱ መካከል የተያዘው እዚህ ጋ ነው» እላለሁ፣ መያያዣ ብረቱን መታ መታ እያደረግሁ። ብረቱ ወገቡን ጨፍልቆታል፤ የሚኖረው ፉርጎዎቹ እስኪለያዩ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በባቡር ሠራተኛ ዘንድ ወግ አለ፦ ሚስት ትጠራለች፣ ትሰናበታለች፣ ከዚያ ፉርጎው ይሳባል። «ሚስቱ ደረሰች፤ እጁን ይዛ ሳመችው» ብዬ እጨርሳለሁ። አምና ሙዚየሙ ታሪኬን በራሪ ወረቀት ላይ አተመልኝ። ኮራሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ባለፈው መኸር ጎብኚዎቹ ሲበተኑ አንዲት ሴት ወደ ኋላ ቀረች።

«ሚስተር ሀርትሶክ፣ ዳርሊን እባላለሁ። የዌንደል ልጅ ነኝ።»

እጄን ከመያያዣ ብረቱ ላይ አነሳሁ።

«እናቴ ወረቀትዎን አነበበችው። ያኔ የኩባንያው ሰው ‹ወዲያው ነው ያረፈው› ነበር ያላት። እሷን የጠራት የለም። ስለዚህ ‹ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለቀስኩለት ሰው ሌላ ሴት አስጠርቶ ነው የተሰናበተው› ብላ እህል አልቀምስም ብላለች። ሴትየዋ ማን ናት?»

«ሴት የለችም።»

«ታዲያ ማን መጣ?»

«ማንም። እኔ ነኝ የጨመርኳት። ታሪኩ እንዲያምር ብዬ።»

«እንግዲያው ይምጡና ለራሷ ይንገሯት። እኔን አታምነኝም። ሐኪሙ ይህን ሳምንት አታልፍም ብሏል።»

ተከተልኳት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የዳርሊንን እናት ሎሬንን መንገድ ላይ ሳያት ማዶ የምሻገር ሰው ነኝ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ዌንደል አርባ ደቂቃ ሙሉ «ሎሬንን ጥሩልኝ፣ ቅርብ ናት» ሲል ነበር። አለቃችን የመንገደኛ ባቡር ከኋላ እየመጣ ነው፣ መስመሩ ይለቀቅ አለ። ሹፌሩ ፉርጎውን እንዲስብ እጄን ያወዛወዝኩት እኔ ነኝ።

«ሌላ ሴት የለችም?» አለች።

«የለችም፣ ሎሬን። ውሸቴን ነው።»

«እኔ እኮ ቤት ነበርኩ። ከቦዩ ማዶ። ልብስ እያሰጣሁ ፉርጎዎቹ ቆመው አይቻለሁ። ዛሬ ደግሞ ምን ገተራቸው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።»

ዳርሊን የእናቷን እጅ ልትይዝ ስትል ሎሬን ነጠቀቻት።

«ያቺ ሴት እውነት በሆነች ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። «እጁን የያዘለት ሰው ይኖር ነበር።»