የሰርጸድንግል የሱፍ ካልሲ

ለአሰብ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለወደቡ ሠራተኞችና ለአዲስ አበባ መንገድ ሾፌሮች በሙሉ፤ አቶ ሰርጸድንግል በዚህ በሐምሌ ሙቀት የሱፍ ካልሲ ማጥለቃቸው በታላቅ አክብሮት ይገለጻል!

አዋጁን የለፈፈው ሾፌሩ ወልዴ ነው፤ እቴናት ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ የቲማቲም ጣሳ እንደ መለከት አፉ ላይ ደቅኖ። ሰርጸድንግል ፈገግም አላሉ። የዕቃ አስተላላፊ ጸሐፊ ናቸው፤ ትርፍ ሥራቸው ሰው ማረም ነው፤ አበላሉን፣ አተኛኘቱን፣ አሳሳቁን ሳይቀር። ባንዲራው ተለውጧል፣ መንግሥቱም ተለውጧል፤ የሳቸው ምክር ግን ያው ነው።

«ሙቀት የሚያሸንፈው ዝርክርክ ሰው ነው። ጨዋ ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል።»

በሐምሌ አሰብ ውስጥ በር ተዘግቶበት የሚተኛ ሬሳ ብቻ ነው። የቀረው ሕዝብ የገመድ አልጋውን ደጅ አውጥቶ፣ አንሶላውን ውሃ ነክሮ ይጋደማል። ባለምግብ ቤቷ እቴናትም እንደዚያው።

እኚሁ ሰው ናቸው እንግዲህ «አግቢኝ» ያሏት። በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ አልጋዋ ቤት ይግባ።

«የእኔ ሚስት የሾፌር መንጋ እያያት አትተኛም!»

ምክራቸውን ከልቧ ትንቀዋለች። ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቸኝነቱ አንገሽግሿታል፤ ሰውዬው ደግሞ አይሰክሩ፣ አይማቱ። እስቲ ልሞክረው ብላ አልጋዋን አስገባች። ሊነጋጋ ሲል ትንፋሽ አጥሯት፣ በራሷ አፍራ ወጣች። እግረ መንገዷን ዓሣ ልትገዛ ወደ ባሕሩ ወረደች።

ዳር ካለ ድንጋይ ላይ የሱፍ ካልሲ ተዘርግቷል። እልፍ ብሎ፣ እስከ አገጩ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ሰው ድንጋይ ተንተርሶ ያንኮራፋል።

«አቶ ሰርጸድንግል!»

ባነኑ። «እ... እንደምን አደርሽ።»

«እዚህ ነው እንዴ የሚያድሩት?»

ፊታቸውን ወደ ካልሲው አዞሩ።

«ይስሙኝ» አለች። «ምክርዎንም እችላለሁ፣ ካልሲዎንም አጥባለሁ። ‹ሞቀኝ› ይበሉኝና ዛሬውኑ አገባዎታለሁ።»

የምሯን ነበር። ሰርጸድንግል አፋቸውን ከፈቱ፤ ጨው ውሃ ገባበት፤ ተፉት። ከዚያ እጃቸውን ሰደው ካልሲውን ከድንጋዩ ላይ አነሡና እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳሉ ያጠልቁ ጀመር። አንዱን እግር ጨርሰው ቀና አሉ።

«ምንም የማስረዳው ነገር የለኝም።»