የቤተሰብ ፊርማ

በልጅነቱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ፣ እናቱ ታላቅ እህቱን «የራስሽን ጣጣ ለእሱ እንዳታወርሺው!» ስትላት ሰምቷል። እህቱ የመለሰችውን አያስታውሰውም፤ «እሺ እማዬ» ብላ ይሁን ስቃ፣ እንጃ። ብቻ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ና እርዳኝ ብላው አታውቅም።

እሷ ያለፍርድ ለታሰሩ ሰዎች አቤት ስትል ኖረች። የወረሰችውን ቤት ከሩቅ እስረኛ ሊጠይቁ ለሚመጡ ቤተሰቦች ማደሪያ አድርጋ፣ ራሷ የጓሮዋ ክፍል ውስጥ ገባች። እሱ የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነ፤ የሚኖረውም እዚያው ግቢ፣ በመንግሥት ቤት ነው።

ማክሰኞ እሷኑ ወሰዷት። ሐሙስ የቢሮዋ ጸሐፊ እሱ ዘንድ መጣች።

«ጋሼ፣ እትዬ ታስረው እርስዎ ጠመኔ ይደረድራሉ?»

«ታዲያ ምን ልደርድር?»

ሆዱ እንዲባባ ሁለት ቀን ጠብቆ ነበር፤ አልባባም። ጠዋት ለጸሎት ቆሞ ስሟን ጠራ፤ የሚከተል ቃል አልመጣለትም።

«አቤቱታው አልቋል። የቀረው የቤተሰብ ፊርማ ነው።»

«ጠበቆቹ አይበቁም?»

«የእትዬ የራሳቸው ደንብ ነዋ!» አለች። ድሮ እህቱ የአንዱን እስረኛ ሚስት ሳታማክር አቤቱታ አስገብታ፣ ሴትዮዋ ከነልጆቿ ከቤት ተባረረች። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሳይፈርም ከዚያ ቢሮ ወረቀት አይወጣም። «ደንቡን ብናፈርስ፣ ሲፈቱ እኛን ነው የሚያስሩን።»

እሱ አልሳቀም። «ብፈርም የምኖርበትን ቤት ይነጥቁኛል።»

«ሊነጥቁዎት ይችላሉ፤ አልዋሽዎትም። እሳቸውም ሲወስዷቸው ‹ወንድሜን እንዳታስቸግሩት› ብለው ነበር። እምቢ ብዬ የመጣሁት እኔ ነኝ።»

ጠመኔው ጣቶቹ ላይ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። በሱሪው ጠረገው።

«መነጽሯን ይዛለች?»

«አላስገቡላቸውም።»

ያለ መነጽር የራሷን እጅ እንኳ አጥርታ እንደማታይ ያውቃል። አሁንም የሚሰማው ነገር የለም፤ እንደደነዘዘ ነው። እጁን ግን ዘረጋ።

«ወዲህ በይው።»

«ጋሼ፣ ፊርማ ብቻ አይደለም። ሰኞ ችሎት ፊት ቆመው እህቴ ናት ማለት አለ።»

«ዳይሬክተሩን ፈቃድ ልጠይቅ?»

«ቢከለክልዎትስ?»

«እንግዲያ አልጠይቅም።» ቀስ ብሎ ከነአባቱ ስም ፈረመ። «ችሎቱ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ለመምህራኑ ግምጃ ቤቱን ከፍቼላቸው እመጣለሁ» አላት።