ከመጋረጃው የወጣች ጣት

መርፌዋ አልገባ አለች። የሶምሪ ጣት ጥጥ ሲለቅም ኖሮ ደርቋል፣ ተሰነጣጥቋል። ሰኪና ደግማ ስትወጋው አንዲት ጠብታ ደም ወጣች፤ ያኔ ነው ክው ያለችው። ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገቧ ላይ «ሶምሪ፦ ነጻ» ተብላ የኖረችው ጣት ይህች አይደለችም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከላርካና ከተማ የመጣው የጉበት በሽታ መርማሪ ወንድ ስለነበር፣ የመንደሩ ሴቶች መጋረጃ ጀርባ ሆነው ጣታቸውን ብቻ ነበር የሚያወጡት። ስም ጠሪዋም ጸሐፊዋም የጤና ሠራተኛዋ ሰኪና ነበረች። በሶምሪ ስም የወጣችው ጣት ለስላሳ ነበረች፤ ሂናዋ እንኳ ገና አልደበዘዘም። አይታታለች። አይታም ጽፋለች! የጻፈችበትን እጇን መንከስ አማራት።

መመርመሪያው ላይ ሁለት ቀይ መስመር ወጣ፤ በሽታው አለባት። የሶምሪ ዐይን እርድ መስሏል፤ ሆዷም ተነፍቷል።

«እማማ ባክታዋር፣ ያኔ ማንን ነው ያስወጉት?»

አማቲቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ልጄን። ልትታጭ ነበር። ምራታቸው የጉበት በሽተኛ ናት ከተባለ ከዚህ ቤት ማን ሚስት ይወስዳል? አንቺስ እናት አይደለሽ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም? መድኃኒቱ እኮ በነጻ ነበር! የሦስት ወር ክኒን! እርስዎ ግን ያ ሐኪም ነኝ ባይ፣ መንደሩን በሙሉ በአንድ መርፌ የሚወጋው ጉደኛ፣ ጉሉኮስ ሲሰቅልላት ዝም ብለው አዩ!»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሄዳለች።»

ባክታዋር ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ። ውጭ ሰኪናን ያመጣት የባጃጅ ሹፌር ጥሩምባ ነፋ።

«ጉበቴ ይተርፋል?» አለች ሶምሪ።

«አላውቅም» አለች ሰኪና። መዋሸት ሰልችቷታል።

ሶምሪ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈለገች። ቀና ስትል አማቷን ሳይሆን ሰኪናን ነበር የምታየው።

«ያን ቀን ጓሮ ነበርኩ። ስሜን ስትጠሪ ሰምቻለሁ። አቤት ያለችው ሌላ ናት።»

መጋረጃው ዛሬም እዚያው ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰኪና ያችን የተሰነጣጠቀች የሶምሪን ጣት ከነደሟ በመዳፏ ጨብጣ ወደ በሩ ተራመደች።

«ዞር ይበሉ፣ እማማ።»